ጋሽ ልክክ በዝናብ አገር

አጎቴ በር ሲሠራ በበሩና በመቃኑ መካከል ወረቀት አታልፍም ነበር። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ልክክ» ያለው ለዚህ ነው። ቅጽል ስሙን ያልሰማ መስሎ ፊቱን ቢያጠቁርም፣ ደስታው ከጢሙ ሥር ያስታውቅበታል። ሥራው ላይ እንከን ማውጣት ግን አይሞከርም። አንድ ደንበኛ «መሳቢያው ትንሽ ጠበቀ» ቢለው፣ መሳቢያውን ነቅሎ ተሸክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ነው። ያደግሁት እሱ ቤት ስለሆነ ገና በልጅነቴ የተማርኩት አፌን መያዝ ነው።

ከሚሠራበት የእንጨት ሥራ ፋብሪካ በጡረታ ሲወጣ ቤት መቀመጥ አቃተው። አክስቴን አላስቀምጥ አላስቆም አላት። ባለሙያዎችን በበጎ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ውጭ አገር የሚልክ ድርጅት መኖሩ ሲሰማ፣ ቀድማ ሻንጣ ያወረደችለት እሷ ናት።

«ሂድልኝ፤ ተራቸውን ደግሞ እነሱ ይቻሉህ» ብላ ሸኘችው።

የተላከበት አገር ከጠዋት ጀምሮ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ዛፉ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። አጎቴ የደረሰው ግን ዝናብ በሌለበት ወር ነበር። የመጀመሪያ ሥራው የአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል በር ነው። እንደ ልማዱ አድርጎ፣ ልክክ አድርጎ ሠራው። አዋላጇ፣ ወፈር ያለች ሳቂታ ሴት፣ ከፍታ ዘግታ አጨበጨበች። እሱም መላጊያውን ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ የተማሪ ዴስክ ሊሠራ ወደሚቀጥለው መንደር ሄደ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ማባራት የሚባል ነገር አያውቅም። የአጎቴ ጫማ ሻገተ፤ ቀበቶው ሳይቀር አረንጓዴ ሆነ። ዴስኮቹን ጨርሶ ሲመለስ ጤና ጣቢያው ጋ ያየው ነገር አስገረመው፤ አዋላጇ ሣጥን ላይ ቆማ በመስኮት ትገባለች። ከኋላዋ ያለችው እናት ሕፃኗን በመስኮት አቀበለቻትና እሷም ተከተለች። በሩ ተዘግቷል።

ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ መጠየቅ መቼ ልማዱ ሆኖ! የአገሩ ወግ ነው አለና የሰው ወግ ይከበራል ብሎ፣ መስኮቱ ሥር መደገፊያ ያለው ቆንጆ ደረጃ ሠራላቸው። ሰዎቹ እየሳቁ ወጡበት፣ እየሳቁ ወረዱበት፣ እጁን ይዘው አመሰገኑት። ደስ አላቸው ብሎ እሱም ሳቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ባሏና ጎረቤቶቿ ደግፈው አመጧት። በዚያ ሆድ በመስኮት መግባት የማይታሰብ ነው። ሁሉም በሩ ፊት ቆሙ። መጥረቢያ ከጎናቸው ተጋድሟል፤ የሚያነሳው ግን ጠፋ። ሴትየዋ ታቃስታለች፣ ባሏ አንዴ በሩን፣ አንዴ አጎቴን ያያል። በመጨረሻ አዋላጇ መጥታ ትከሻውን ያዘች።

«ወንድሜ፣ በርህ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ አይከፈትም። ፍቀድልንና እንስበረው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዝናቡ ከጀመረ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?»

«ቤተሰብህን ትተህ ከሩቅ መጥተህ የሠራኸውን? በምን አፋችን?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ይል ነበር ሲያወራ። መጥረቢያውን አነሳና በሩን በገዛ እጁ ፈለጠው። ሴትየዋን አስገቧት። ስብርባሪውን እየለቀመ ሳለ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ አጎቴም ደረጃው ላይ ተቀምጦ አብሮ አለቀሰ። እኔ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ራሱ ነው የነገረኝ፣ ያውም እየሳቀ።

አዲሱን በር ሲሠራ ያልጠየቀው ሰው የለም። አዋላጇን ጠየቀ፣ የተወለደችውን ሕፃን አባት ጠየቀ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ አስቁሞ ጠየቀ። ሁሉም በየፊናው አስተያየት ሰጠና በሩ ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ይዞ ተሰቀለ። በሙያ ዘመኑ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ በር ሠርቶ አያውቅም፤ እንደዚያ የወደደውም የለም። ከዚያ ወዲያ በየቤታቸው እየጠሩ የሚንቀጠቀጠውን ጠረጴዛ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ያሳዩት ጀመር፤ አብረውት እየሠሩ፣ እያረሙት፣ ቋንቋቸውን ሲሰባብር እየቀለዱበት። አገሩ ከተመለሰ በኋላ እነዚያን ወራት ሁሌም እንደናፈቀ ኖረ። እኛ ጋ ዝናብ ሲጥል ወሬውን አቋርጦ በረንዳ ላይ ይቆምና «እዚያ ደግሞ ዛሬ እንዴት ይሆን የሚዘንበው» ይላል። ናፍቆቱ ለእኔም ተጋብቶብኝ፣ ያላየሁት አገር ይናፍቀኛል።

የተመለሰ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት አክስቴ በርጩማ ላይ ቆማ ከኩሽናው መደርደሪያ ሰሃን ስታወርድ ቆሞ አያት። መደርደሪያዋን የሠራላት ሲጋቡ ነው።

«ይቺ ነገር ትመችሻለች?» አላት።

አክስቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዞራ እኔን አየችኝ፤ ምን ነካው ማለቷ ነው።

«ከፍ ትላለች» አለች ቀስ ብላ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠራሃት ጀምሮ።»

ወጥቶ መፍቻና እርሳስ ይዞ መጣ። ግድግዳው ጋ አቁሞ እጇን አስነሳት፣ ጣቷ የደረሰበትን ምልክት አደረገ። አክስቴ አጭር ናት። አንዴ አፏ ከተከፈተ ደግሞ ማን ይመልሳት፤ «ትንሽ ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ፣ አይ አንተ፣ ዝቅ አልኩ እኮ!» እያለች ስታስነቅለውና መልሳ ስታሰቅለው ዋለች። እሱም «እሺ፣ እዚህ ጋስ?» ይላል። እንደዚያ ቀን ሲሳሳቁ አላየኋቸውም።

አሁን ሁለቱም የሉም፣ ቤቱ ለእኔ ቀርቷል። ቁመቴ በአጎቴ ስለወጣ፣ መደርደሪያዋ ሰሃን ባወጣሁ ቁጥር ግንባሬን ትገጨኛለች። ባለቤቴ ባለፈው መፍቻ ይዞ መጣና «ከፍ አድርጌ ልስቀላት» አለኝ።

ተዋት አልኩት። አክስቴ የምትደርሰው እዚያ ድረስ ነው።