ማሽላውን ያስገባው ለቅሶ

ከደብረ ሲና የወረድሁት ለአክስቴ ለዘነበች ማሽላ ነው። ቀወት ውስጥ፣ ከሸዋ ሮቢት ወዲህ ትኖራለች። ባሏን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወስዶታል። «ማሽላው ደርሷል፤ ወፍ ወርዶበታል። ካልታጨደ ልጆቼ የሚቀምሱት የለም» ብላ ላከችብን።

ጎህ ሲቀድ ባቄላ በስልቻ ተሸክሜ ቁልቁለቱን ያዝሁ። ላይ ጉም ነበርና ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ ነበር። እኩሌታው ላይ ጉሙ ከበላዬ ቀረ፤ ጋቢውን አጥፌ ከስልቻው ላይ ደረብሁት። ታች ግራርና አቧራ ነው። በአዲሱ መንገድ ዳር ድንጋይ ከሚፈልጡት መካከል የአክስቴን ባል ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።

ስደርስ ደቦው ተጀምሯል፤ ግን ዘፈን የለም። ዝም ያለ ደቦ አይቼ አላውቅም።

«ምነው?» አልኋቸው፣ ሰው ያሰባሰቡላትን ሽማግሌ ጎረቤቷን፣ አባባ ኢብራሂምን።

«ጣሊያን ሰው ሲሰበሰብ አይወድም። ዘንድሮ በሆዳችን ነው የምንዘፍነው።»

ምሳው የእኔ ባቄላ ንፍሮ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሰፌድ ዘገነ። ሳንጨርስ «ባንዳ መጣ!» ተባለ።

«ለቅሶ ነው እንበል» አለች አንዷ።

«ማን ሞተ እንበል?»

ሁሉም አክስቴን አየ። «ባሌን እንዳትነኩ! በሕይወት ባለ ሰው አላሟርትም!»

አባባ ኢብራሂም ተነሡ። «እኔን አልቅሱኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤ ኖሬያለሁ።» ካልታጨደው ማሽላ ውስጥ ገብተው ተሸሸጉ።

አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «አባባ! ባሌን ሲወስዱት በሬዎን ጠምደው ያረሱልኝ! ልጆቼን ከልጅ ልጆችዎ እኩል ያበሉልኝ!» መጀመሪያ ለባንዶቹ ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ድምጿ የእውነት ተሰበረ። እኔም አለቀስሁ። የባንዶቹ አለቃ ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት ቆመና «ቶሎ ቅበሩ» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ሄደ።

አባባ ዓይናቸው ረጥቦ ወጡ።

«ዘነበች፣ እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ደህና ሞቻለሁ፤ ማጭዴን አቀብሉኝ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሽላው በሙሉ ደጇ ተከመረ።

በማግሥቱ ዳገቱን ወጥቼ ቤት ስደርስ እናቴ ከጎረቤቶች ጋር ታለቅሳለች። የጨው ነጋዴዎች ወሬውን ይዘው ቀድመውኛል።

«አባባ ኢብራሂም አረፉ አሉ!»

«ማጭድ ይዘው ነው የተለየኋቸው» ብዬ ሁሉንም ነገርኋት።

ደቦ ጉልበት መዋዋስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰው ለጎረቤቱ እህል ሲል ሞቱንም እንደሚያውስ ያየሁት ቀወት ነው።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ሳቀች። «ለውቂያው እኔ ራሴ እወርዳለሁ» አለች። «እኔስ ምን ብዬ እንዳለቀስሁላቸው አይሰሙም?»