ሰሌዳውን የጋረደው ዛፍ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም፤ የተቆረጠው አንድ ዛፍ ነው። ነገር ግን ያስቆረጠውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ነገሩ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሆንኩ በሁለተኛው ወር ነው። የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ነው። የሰፈራችን ሰዎች አካባቢውን አረንጓዴ የሚያደርግ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ፈረንሳይኛው ጥሩ ነው ተብዬ ፀሐፊ ሆንኩ። በጣም ደስ አለኝ። ቃለ ጉባኤውን በሁለት ቀለም እጽፍ ነበር።

ስብሰባው ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ጫት ከገባ ወዲያ ነው። በዚያ ሰዓት የማይቻል ነገር የለም። አንድ ቀን እስከ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ መንገዱን ጥላ በጥላ አደረግነው። አርባ ችግኞች ተተክለው በየማለዳው ውሃ እንዲጠጡም ወሰንን። ማለዳ ግን ማኅበሩ በሙሉ ተኝቶ ነው። የፕላስቲክ ከረጢት ከሰፈሩ እንዲጠፋ የወሰንን ዕለት፣ ጫቱ የመጣባቸውን ከረጢቶች ጠርጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን በቃለ ጉባኤው አላሰፈርኩም።

ከዚያ ለጋሾች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ሊቀመንበራችን ሙሴ ዋይስ፣ ድሬዳዋ ያደጉና አማርኛ አሳምረው የሚናገሩ ሰው፣ ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ አሠሩ። ለምለም ዛፍ ተስሎበታል። ሰሌዳው በሲሚንቶ ከተተከለ በኋላ ከመንገድ ሲታይ ግን እውነተኛ ዛፍ ጋርዶታል።

የጋረደው የእትዬ ዘርፌ የኒም ዛፍ ነው። እትዬ ዘርፌ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ሻይ ይሸጣሉ። ዛፉን ብርጭቆ ባጠቡበት ውሃ አሥራ አንድ ዓመት አሳድገውታል። ከወደብ ጭነት የሚጠብቁት ሹፌሮች የሚመጡት ለጥላው ነው፤ ሻይማ የትም አለ።

"ሰሌዳውን ብናዛውረውስ?" አልኩ በስብሰባው ላይ።

"ሲሚንቶው ደርቋል" አሉ ሙሴ ዋይስ። "አንተ ዛፉ ይቆረጥ ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ። "ለአረንጓዴ ልማት ሲባል" የሚለውን ማንም ሳያዘኝ የጨመርኩት እኔው ነኝ።

ደብዳቤውን ለእትዬ ዘርፌ አነበብኩላቸው። ብርጭቆ ማጠባቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

"በምትኩ አርባ ችግኝ አለ፣ እትዬ" አልኳቸው።

"ጥሩ። እንግዲህ ሹፌሮቹን እያንበረከክህ ችግኙ ሥር አስገባልኝ።"

ማኅበራችን በወሰነበት ዕለት የፈጸመው ውሳኔ ይህ ብቻ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዛፉ ወደቀ።

ለጋሾቹ መጥተው ከሰሌዳው ፊት ፎቶ ተነሡ። ወዲያው ሙቀቱ ጠናባቸውና ጥላ ያለበት ቦታ ጠየቁ። ጥያቄያቸውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

የሰኔው ትኩስ ነፋስ ሲነሣ አርባውም ችግኝ ደረቀ። የእትዬ ዘርፌ አግዳሚ ወንበሮችም ባዶ ሆኑ። ሱቁን ዘግተው አገር ቤት ሊገቡ እንደሆነ ሰማሁ። ደብዳቤዬ የት እንደደረሰ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጠዋት የቆዩ ደንበኛቸውን ጋሽ በየነን፣ የተሳቢ ሹፌሩን፣ ሰሌዳው ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

"ይሄ ነገር ምን ሲሠራ ይውላል?" አሉኝ።

"ሕዝብ ያስተምራል።"

"እስካሁን ካስተማረ ይበቃዋል። ሌላ ሥራ እንስጠው። ና፣ ያዝ።"

ቁልፍ አወጡ። ቡሎኑን እሳቸው ፈቱ፣ ቆርቆሮውን እኔ ያዝኩ። ከአግዳሚዎቹ በላይ በአራት እንጨት ላይ አጋድመን በጭነት ገመድ ጠፈርነው። ከማኅበሩ አንድም ሰው አላየንም፤ ማለዳ ነበርና። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው የት ገባ ሲባል፣ ለታለመለት ዓላማ መዋሉን በቃለ ጉባኤ መዘገብኩ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሹፌሮቹ ተመልሰዋል። እትዬ ዘርፌ ከጉቶው የወጣውን ቀንበጥ በብርጭቆ እጣቢ ያጠጣሉ። እኔን ሲያዩ "ፀሐፊው መጣ" ይላሉ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ሻዬን እጠጣለሁ። ቀና ስል ከራሴ በላይ የተሳለው ዛፍ አለ። ጥላ መስጠት የጀመረው ሐምሌ 14 ቀን ነው።