በአበባው ዙሪያ ያሉት ድንጋዮች

በሐይቃችን ዳር መናፈሻ ሲሠራ፣ ለእህቴ የከመርነውን ድንጋይ አፍርሰው የአበባ መደብ ዙሪያ አደረጉት። በደሉ ይህ ነው፤ እንዲጻፍልኝ የምፈልገውም ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ውኃ የበላው እንደሆነ፣ ከገባበት ቦታ ትይዩ ዳሩ ላይ ድንጋይ ይከመራል። ከዚያ በኋላ ያለፈ ሁሉ አንድ አንድ ይጨምራል፤ ክርስቲያኑ አማትቦ፣ እስላሙ ዱዓ አድርጎ። ክምሩ እንዳያንስ ነው። ያነሰ እንደሆነ ልጅ አያየውም። ልጆች ሳለን ክምር ባለበት እንኳን ልንዋኝ እግራችንን አንታጠብም ነበር።

ታላቅ እህቴ ልብስ ስታጥብ ያመለጣትን ሻሽ ልትይዝ ገብታ ቀረች። ውኃው እዚያ ቦታ ለዓይን እንደ ሌላው ነው። እስከ ጉልበት ይሄዳል፣ ከዚያ ድንገት መሬት የለም። የዚያ ቦታ ክምር የተጀመረው በእሷ ነው። ከእሷ ወዲህ እዚያ ማንም አልሞተም፣ ክምሩ ነበራ! ያኔ በእጄ ያኖርኩትን ድንጋይ ዛሬም አውቀዋለሁ። ጥቁር ነው፤ ወገቡን ነጭ መስመር ይዞረዋል።

መናፈሻው ከተከፈተ በኋላ፣ በዒድ ማግስት፣ የልጅ ልጄ ካልወሰድሽኝ ብላ አልቅሳ በባጃጅ ሄድን። ሸጋ ቦታ ነው፣ አልዋሽም። በሩ ላይ የሐይቁንና አጠገቡ ያለውን ገዳም ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ ተክለዋል። ዋርካው ሥር ቤተሰብ ሁሉ ምንጣፍ አንጥፎ ይበላል። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ውኃው ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ተኝቷል፤ ያ ዝምታው አላማረኝም።

እንደ ልማዴ ከመንገድ አንድ ድንጋይ አንስቼ ነበር። የማኖርበት አጣሁ። ክምሩ የለም። ዳሩን ደልድለው አሸዋ አፍስሰውበታል። ድንጋዩን እንደያዝኩ ዞር ስል፣ የልጅ ልጄ የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ከተረከዟ ሥር ያ ነጭ መስመር አለ።

ቀና ስል ደግሞ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ እየሳቁ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

“ውጡ! ከዚያ ውጡ!” ብዬ ጮኽኩ።

ስልኩን ደግኖ ሴት ልጁን ፎቶ የሚያነሳ አንድ አባት ዞረና፣ “እማማ፣ ሐይቁን በውርስ አገኙት እንዴ?” አለኝ። ሰው ሳቀ።

“ልጅህን አውጣና ከዚያ ትስቅብኛለህ።”

“ኧረ ጉልበቷን እንኳ አላለፈም!”

“እንግዲያው ከእሷ አንድ እርምጃ እለፍና አንተው ሞክረው።”

 አልሞከረውም። ልጁን ግን ብድግ አድርጎ አወጣት። ሌሎቹም ወጡ፤ ፊቴን ሳዞር ተመልሰው ገቡ።

ዘበኛው ዘንድ ሄድኩ። “እናቴ፣ እኔ በር ነው የምጠብቀው” አለኝ።

“ውኃውንስ ማን ይጠብቃል?”

“አላህ።”

“አላህማ ጠብቆልን ነበር። ያፈረሳችሁት እናንተ!”

የመናፈሻውን ኃላፊ አነጋግሪ ተባልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ ኃላፊው ደሴ ሄዷል፤ ነገ ነይ። እስኪገኝ ድረስ በየበዓሉ እየሄድኩ ክምሩ በነበረበት ቦታ ምርኩዜን ይዤ ተቀመጥኩ። ልጅ ሲጠጋ ምርኩዙን አነሳለሁ። “የውኃ ዘበኛዋ መጣች!” እያሉ ይሸሹኛል፤ ይሽሹ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ የቀረሁ ቀን ግን ቤቴ ተቀምጬ ጆሮዬ ወደ ሐይቁ ነው። የሰው ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር፣ የፈራሁት መጣ ብዬ እነሳለሁ።

በመጨረሻ ኃላፊውን አገኘሁት። የልጄ እኩያ ነው፤ ሥርዓት ያለው። ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

“አበባህን አልነካም” አልኩት። “ድንጋዩን መልስና ከምርልኝ። ያ ካስጠላህ አጥር እጠርበት።”

“እማማ፣ ሰው ሊዝናና መጥቶ የሞት ምልክት ሲያይ ደስ አይለውም።”

“የልጁን ሬሳ ተሸክሞ ሲሄድስ ደስ ይለዋል?”

 መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከውኃው የልጆች ሳቅ ይሰማል። አሰብ አደረገና፣ “ድንጋዩ የሚከመረው ሰው ሲሞት ነው አይደል?” አለኝ።

“አዎ፣ ልማዳችን ነው።”

“መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህ የሞተ አለ?”

“የለም” አልኩት። ምን ልበል፣ አልዋሽ።

አላሾፈብኝም። እንዲያውም ያስታረቀኝ መስሎት ፊቱ ፈካ።

“እንግዲያው እማማ፣ በልማዳችን እንሂድ” አለኝ። “ሰው የሞተ ቀን እንከምራለን።”