ለሣጥኑ የማልኩት የለም

ሞረዳ ዋቅወያ ከነቀምቴ ገበያ መውጫ ላይ የከፈታት ቤት ሁለት ሥራ ትሠራ ነበር። በግራ በኩል ታፔላ ይጻፋል፣ በቀኝ በኩል ድምፅ ይቀረፃል። ታፔላው መተዳደሪያው ነው፤ ድምፁ ኩራቱ። ቤቷ ጠባብ ስለሆነች ኩራቱ ሰፊውን ቦታ ይዞ መተዳደሪያው በረንዳ ላይ ይሠራ ነበር። በረንዳው ላይ ቆሞ ብሩሹን ሲያነሳ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የታናሽ ወንድሙን የደረሳን ሆቴል ያያል። ሁለቱ ቃል ከተለዋወጡ ሦስት ዓመት አልፏል።

ስለ ታፔላው ሥራ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ሞረዳ ሰሌዳ መለካት አይወድም። መለካት በእጁ የማይተማመን ሰው ሥራ ነው ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች እንደ በሬ ገዝፈው ይነሳሉ፤ ወደ መሐል ሲደርሱ ጥጃ ያክላሉ፤ መጨረሻ ላይ ጠርዙን ላለመውደቅ ተጣብቀው የቆሙ ጉንዳኖች ይሆናሉ። ከጉቴ እስከ ዲጋ ያለ ፀጉር አስተካካይና ልብስ ሰፊ ሁሉ ታፔላው እንዲህ ነው። ደንበኛ ሲያማርር ሞረዳ አይደናገጥም። «ከሩቅ የሚመጣ ሰው መጀመሪያውን ያያል፤ ቀርቦ መጨረሻውን ያነባል። ጥበቡ እሱ ነው» ይላል። ደንበኛውም ጥበቡ ስላልገባው አፍሮ ይሄዳል።

የድምፅ መቅረጫው የተገኘው በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የሚሲዮን ሰው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ሁለት ጥቅል ክር የሚያሽከረክር ቴፕ ሸጠለት። ሞረዳ ወዲያው ሐሳብ መጣለት። ጊምቢ ዘመድ ያለው፣ ጊዳ አያና ልጁን የዳረ፣ ደብዳቤ ማጻፍ ሳያስፈልገው ድምፁን ያስቀርፃል። ሐሳቡ በእውነት ትልቅ ነበር፤ ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው። ድምፁን መልሶ የሚያሰማው መሣሪያ በዚያ አገር ሁሉ ያው የሞረዳ ቴፕ ነበር። ስለዚህ መልእክት የተላከለት ሰው «ነቀምቴ ድምፅ ተቀምጦልሃል» ይባልና ተነሥቶ ይመጣል። አንድ የጉቴ ሰው ለአማቹ ድምፅ ሊያስቀርፅ መጣ፤ አማቹም ሊሰማ በዚያው መኪና አብሮት መጣ። አንዱ ውስጥ ገብቶ ሲናገር ሌላው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ተራ ተለዋወጡና በጣም ተደስተው አብረው ተመለሱ።

ሥራው በዚህ ዓይነት ሊሞት ሲል ያዳነችው ወይዘሮ እማዋይሽ ናት። እማዋይሽ ከጎጃም የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨውና ሸማ ትነግዳለች። ከጎረቤቷ ነጋዴ ከአሰፋች ጋር በመደብ ድንበር ተጣልታ ሁለተኛ ላላናግራት ብላ በማርያም ምላለች። ችግሩ መማሏ አይደለም። ችግሩ ከማለች በኋላ ብዙ የምትለው ነገር ትዝ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ነጠላዋን እያጣፋች ሞረዳ ቤት ገባችና ቴፑን በጥርጣሬ ዞራ አየችው።

«ይኸ ነገር ሰው ነው?»

«ኧረ ሣጥን ነው፣ እሜቴ።»

«እንግዲያው እኔ አሰፋችን ላላናግር እንጂ ለሣጥኑ የማልኩት የለም» አለችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

አሰፋች ሰማች። ሰምታም ዝም የምትል ሴት አይደለችምና እሷም ለሣጥኑ አልማልኩም አለች። እስከ ፋሲካ ድረስ እየተመላለሱ ተሰዳደቡ፤ ከዚያ ስድቡ አለቀባቸውና ታረቁ። ወሬው ሲነዛ ሞረዳ አንድ ነገር ተረዳ፤ በወለጋ ምድር መንገድ ርቆት ከተለያየው ሰው ይልቅ ተኮራርፎ የተለያየው ይበልጣል። የማለ ባል፣ የተገዘተ አማት፣ ድንበርተኛ፣ ባልንጀራ ሁሉ በረንዳውን ሞላው። ከደዴሳ ማዶ ሳይቀር ይመጡ ነበር።

ኦቦ ጨመዳ ብቻ አልተደሰቱም። ኦቦ ጨመዳ የከተማው የእርቅ ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው። አንድ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው መጡና በረንዳው ላይ ቆሙ።

«ስማ ሞረዳ፣ እኛ ሁለት ሰው ስናስታርቅ በግ ይታረድ ነበር። አሁን በጉ የት ሄደ? ይኸ ብረትህ እንደሁ በግ አይበላ!»

ሞረዳ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ በከዘራቸው ከመንገዱ ማዶ አመለከቱ። «ለመሆኑ አገሩን ሁሉ ስታነጋግር የራስህንስ ወንድም መቼ ነው የምታናግረው?»

ሞረዳ ዞሮ ብሩሹን ማጠብ ጀመረ። ማዶ ያለው የጠቡ ምክንያት ከተሰቀለበት አልወረደም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረሳ ሆቴሉን ሲከፍት «ነብር ሆቴል» ብሎ ሰየመውና ወንድሙ ነብር እንዲሥልለት ጠየቀ። ሞረዳ ከቆዳው በቀር ነብር አይቶ አያውቅም። ሆኖም እምቢ ማለት አላዋቂነት መሰለውና ሣለ። ሰሌዳውን ሳይለካ ስለጀመረ ጭንቅላቱ ግዙፍ ሆኖ ለገላው ቦታ ጠበበ፤ ነብሩ እግሮቹን ሰብስቦ፣ ጅራቱን ጠቅልሎ ቁጭ አለ። በምረቃው ቀን መጋረጃው ሲገለጥ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው «አዱሬ!» ብሎ ጮኸ፤ ድመት ማለቱ ነው። ሰው በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆቴሉ ስም «ማና አዱሬ»፣ የድመት ቤት፣ ሆኖ ቀረ።

ደረሳ እንደገና ይሣልልኝ አለ። ሞረዳ፣ ነብር ነው፣ ተቀምጦ ነው እንጂ አለ። ቃል ቃልን እየሳበ ሄደና ደረሳ በሰው ፊት «ከእንግዲህ ከአንቱ ጋር ቃል ብለዋወጥ፣ ደጃፍዎን ብረግጥ፣ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብሎ ማለ። ሞረዳም ታላቅነቱ ከታናሹ መሐላ እንዲያንስ አልፈለገምና ቃል ላለመለዋወጥ በዚያው አጥንት ማለ፤ የደጃፉን ነገር ግን በንዴት ረሳው። ሁለቱም ወንጌላውያን ናቸው፤ መሐላ እንደማይፈቀድ ሁለቱም በሚገባ ያውቃሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሲገሥጿቸው ሁለቱም በመማላቸው ተጸጸቱ፤ መሐላውን ግን አላፈረሱም።

በዚህ መሐል የሞረዳ ልጅ ድርቤ ለአንድ የዲጋ አስተማሪ ታጨች። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሙሽራ ስትወጣ አጎት ከአባት ጎን ቆሞ ካልመረቀ ልጅቷ ወገን እንደሌላት ይቆጠራል። ድርቤን ደግሞ በልጅነቷ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ደረሳ ነበር። ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ ለአባቷ አንዲት ነገር ብቻ ነገረችው። «ዋሲላዬ ካልመረቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም።» ዋሲላ የአባት ወንድም ነው።

ሞረዳ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ምግብ ተወ። ልጁ እንደማትቀልድ ያውቅ ነበር፤ ግትርነቱን ከማን እንደወሰደችውም ያውቅ ነበር። ሚስቱ በቀለች ያላነሳውን ሰሃን እያነሳች፣ «ለሰው ሁሉ አፍ የሸጥክ ሰውዬ፣ ለራስህ አጣህ?» አለችው። ይህ ከሁሉ ይልቅ አመመው።

በማግሥቱ በሩን ዘግቶ ቴፑ ፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ የቀዳውን ሲሰማው ከዳር እስከ ዳር ስለ ነብር አቀማመጥ ነው፤ አጠፋው። ሁለተኛው ምክር ነበር፤ እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ የቀረው አጭር ነው። «ደረሳ፣ ልጅህ ልትዳር ነው። አባቷ እኔ ብሆንም የምትጠራው አንተን ነው። ና። ስለ ነብሩ ሌላ ቀን።»

ቀርፆ ሲጨርስ ነው የራሱ ብልሃት የጠለፈው። ደረሳ ይህን ለመስማት ወደዚህ ቤት መግባት አለበት፤ ላይገባ ደግሞ ምሏል። ሌላ ቴፕ የለም። ሞረዳ እያጉረመረመ መሣሪያውን አቅፎ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ መንገዱን ተሻገረ። ያየው ሁሉ ተከተለው፤ ከኦቦ ጨመዳ እስከ እማዋይሽ ሆቴሉ ውስጥ ያልገባ አልነበረም።

ደረሳ ብርጭቆ እየወለወለ ነበር። ሞረዳ አንድ ቃል ሳይናገር ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አኖረና ክሩን ለቀቀው። ከዚያ ጣሪያውን እያየ ቆመ፤ የገዛ ድምፁ ከጎኑ ሆኖ ወንድሙን ይለምንለታል። ለሰው ሁሉ ሲያደርገው የኖረ ነገር በራሱ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ልመናው እንዲህ ያስታውቅ እንደነበር አላወቀም፤ ፊቱ በኀፍረት ተቃጠለ።

ድምፁ ሲያበቃ ደረሳ ብርጭቆውን አስቀመጠና በአገጩ ወደ ቴፑ አመለከተ። መልስ አለኝ ማለቱ ነው። ሞረዳ ክሩን አስተካክሎ መቅጃውን ተጫነ። ደረሳ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። ታላቁን ሲሰድብም በአንቱታ ነው።

«አንቱ ቀለም ለቅላቂ! አንቱ ሰሌዳ የማይለኩ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሾፌር በመጣ ቁጥር፣ አይጥ አስቸግሮኛልና ድመቷን አውሰኝ ይለኛል። እሱስ ይሁን። ሥዕሉ አይደለም ያናደደኝ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲስቅ ዞር ብዬ አንቱን አየሁ፤ ወንድሜ ዝም ያሰኝልኛል ብዬ ነበር። አንቱም አብረው ይስቁ ነበር።»

ሞረዳ ያን ቀን መሳቁ ትዝ አለው፤ የሳቀው ግራ ገብቶት ነበር፣ ያንን ግን ማን ያውቃል። የደረሳ ድምፅ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። «ድርቤን ግን… ድርቤን እኔ…»

በዚህ ጊዜ ክሩ ከጥቅሉ አልቆ ጫፉ ጠፍ ጠፍ ማለት ጀመረ።

«ቆይ! ቆይ ደረሳ፣ ክሩ አለቀ፣ ላዙረው!» ብሎ ሞረዳ ጮኸ።

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ያወቀው። እማዋይሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሞረዳ የአባቱ አጥንት ከየት በኩል እንደሚወጋው እየጠበቀ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም አልመጣም። ዓይኑን ሲገልጥ ደረሳ በእጁ ክሩን ጋርዶ እያየው ነበር።

«ይተዉት ኦቦ፣ አያዙሩት» አለ። «ቀሪውን ለአንቱ ነው የምነግርዎ።»

ነገረውም። ቆመው ጀምረው ተቀምጠው ጨረሱ። ደረሳ በጥር መጥቶ ድርቤን መረቀ፤ ኦቦ ጨመዳም ከብዙ ጊዜ በኋላ የእርቅ በግ በሉ። የሞረዳ ገበያ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀዘቀዘ። መሐላ ፈርሶ ማንም አለመወጋቱን አገሩ በዓይኑ አይቷልና ሣጥን የሚፈልገው ቀነሰ።

በሁለተኛው ክረምት ደረሳ ለከብት ንግድ ደዴሳ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ። ሳምንት አልቆየም። ሞረዳ ከቀብር መልስ ሐዘንተኛው ሲበተን ቤቱ ገብቶ ክሮቹን አገላበጠ። የሰውን ድምፅ ሁሉ በላዩ ላይ ሌላ እየቀዳ ሲያጠፋ የኖረ ሰው ያችን አንዷን አላጠፋትም ነበር።

ድርቤ ልጇን አዝላ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ የአጎቷ ስድብ ከውስጥ ይሰማል። በሩን ከፍታ ደንግጣ ቆመች።

«አባ፣ ስድቡን ምን ያደርጉታል? ዋሲላዬ ያን ቀን ስንት መልካም ነገር ተናግሮ የለም?»

«ተናግሯል» አለ ሞረዳ። «እንዳይቀዳ በእጁ የከለከለኝ እሱ ነው። እኔም ስነግራችሁ በየጊዜው እየተለወጠብኝ ነው፤ አንድ ቀን ይቅር ብያለሁ አለኝ፣ አንድ ቀን ይቅር በሉኝ አለኝ እላለሁ። በራሱ አፍ ያለኝ ይኸ ብቻ ነው።»

ክሩን ወደ ኋላ ጠቅልሎ እንደገና ለቀቀው። «አንቱ ቀለም ለቅላቂ!» አለ ደረሳ ከሣጥኑ ውስጥ።

«አቤት» አለ ሞረዳ።