የተላጠው መስኮት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዐረብ አገር ያለች ልጅ ያሠራችው ቤት በመስኮቱ ይታወቃል። ከመስታወቱ ጋር ተለጥፎ የሚመጣው ሰማያዊ ላስቲክ አይላጥም። ልጅቷ ጅዳ ወይ ሪያድ ሆና ትልካለች፣ እናት ግንበኛው ላይ ትጮኻለች፣ እኔ አሉሚኒየሙንና መስታወቱን እገጥማለሁ፤ ላስቲኩን ግን ማንም አይነካውም። ያሠራችው ልጅ አገሯ ገብታ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ በገዛ እጇ ነው የምትልጠው። አምስት ዓመት ከቆየች ላስቲኩም አምስት ዓመት ይቆያል፤ ቤተሰቡ በቀትር መብራት አብርቶ ይቀመጣል።

ይሄ ልማድ ያበግነኝ ነበር። ላስቲኩን ፀሐይ ሲመታው ሙጫው መስታወቱ ላይ ይጋገራል። በኋላ ልላጥህ ሲሉት ይበጣጠሳል፣ መስታወቱ ይዥጎረጎራል፤ ከዚያ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብለው ሱቄ ድረስ ይመጣሉ። አቤት የምጠጣው ስድብ!

የለውጡ ሰሞን ስብሰባ ያልጠራ ሰው አልነበረም። እኛም የመስታወትና የአሉሚኒየም ሠራተኞች ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከደሴ ተጠራርተን ማኅበር አቋቋምን። ጥያቄያችን ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ በር ተራ መስታወት አይገጠም የሚል ነበር፤ ተራው ሲሰበር እንደ ቢላ ነው፣ በእሳት የጠነከረው ግን እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋል እንጂ ሰው አይጎዳም። እኔ ተማሪ ሳለሁ የሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ ስለነበርኩ «ይሄ አፈኛ ይጻፍልን» ብለው የማኅበሩን ወሬ ለኔ ሰጡኝ። በየወሩ አንድ ገጽ አሳትሜ በየሱቁ እለጥፋለሁ፣ ቴሌግራም ላይም እለቀዋለሁ። መስታወት ተወደደ፤ ደብዳቤያችን ለወረዳው ገባ፤ መልስ የለም፤ አሁንም መልስ የለም። ሰው ያነበኝ ነበር። ክፉ ነገር ነው መነበብ፣ ልብ ያሳብጣል።

ወረዳው ዝም ሲለን የምሟገትበት ሌላ ነገር ፈለግሁና ላስቲኩን አገኘሁ። «ሰማያዊው ላስቲክ ይላጥ!» ብዬ ዘመቻ ጀመርኩ። ጽሑፉን ወደዱልኝ። «ብርሃን ገዝቶ በጨለማ የሚሸፍን ሕዝብ» ብዬ እስከ መጻፍ ደረስኩ፤ ጉድ እኮ ነው፣ ሕዝብን በሙሉ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አሁን ፎቶ ያስፈልገኝ ነበር፤ አንዱ መስኮት የተላጠ፣ ጎኑ ያለው ያልተላጠ፣ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ።

ከሱቄ ትንሽ ወረድ ብሎ አስፓልቱ ዳር የእማማ ቤት አለ። እማማ የምላቸው የሰፈራችን ትልቅ ሴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ቤቱን ያሠራችው እሷ ናት፣ ስድስቱን መስኮት የገጠምኩት እኔ። ገጥሜ ከጨረስኩ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፣ ስድስቱም ሰማያዊ እንደሆኑ ነበር። እማማ የግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በቀኙ ነው የሚያዩት፤ በሱም መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ።

«እማማ፣ አንዷን ብቻ ልላጣት» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል? ልጄ መጥታ ነው እንጂ።»

«ስትመጣ ሙጫው ደርቆ ያስለቅሳታል። ለሷው ብዬ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ተወኝ።»

አልተውኳቸውም። ሦስት ቀን ተመላለስኩባቸው። መልካም ሴት ናቸው፤ ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሲለምን አያስችላቸውም። በሦስተኛው ቀን «በል እንካ፣ የሳሎኗን ብቻ» አሉኝ፣ «ለልጄ ግን እንዳትነግርብኝ፣ ወላሂ ትቀየመኛለች።» በረንዳው ፀሐይ ስለሚከልላት ሙጫዋ ገና አልተጋገረም ነበር፤ ላስቲኩን ከጥግ ይዤ በአንድ ጊዜ ስቤ ገፈፍኩት። ብርሃኑ ግብት ሲል እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አስፓልቱ ታየ፣ ከማዶም በዛፎቹ መሃል ሐይቁ። «ማሻአላህ፣ ይሄ ሁሉ ውጭ ነበር እንዴ!» አሉ። ፎቶዬን አነሳሁ። ማኅበሩ ከለጠፋቸው ፎቶዎች ሁሉ የተወደደው እሱ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲያ እማማ ከዚያች መስኮት አልተነሱም። ፍራሻቸውን ሥሯ ድረስ አስጠግተው፣ ከደሴ በኩል የሚመጣውን አውቶብስ ሁሉ በቀኝ ዓይናቸው ሲቆጥሩ ይውላሉ። ባለፍኩ ቁጥር ይጠሩኛል። «የልጄ መምጫ እኮ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፣ አላህ ይስጥህ» ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ኩራት ነበር።

ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ ግማሹ ከተማ ወጣ። መጀመሪያ ስልኩ ጠፋ፣ ከዚያ መብራቱ፣ ከዚያ አውቶብሱ። እማማ አልወጣም አሉ። «የልጄን ላብ ጥዬ የት ልሂድ? ብትመጣስ?» እኔም ሱቄን ልጠብቅ ብዬ ቀረሁ። ጀግንነት አይደለም፣ የምሄድበት አልነበረኝም። አውቶብስ በሌለበት መንገድ ላይ እማማ አሁንም በመስኮታቸው ያያሉ። ከመስኮት ራቁ ማለት ነበረብኝ። የመስታወት ሰው ነኝ፤ ተራ መስታወት እንደ ቢላ ነው እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። አላልኳቸውም።

የከባድ መሣሪያ ጥይት አስፓልቱ ማዶ ወደቀ። ከቀትር በኋላ ነበር። ሮጬ ስደርስ ቤቱ ቆሟል። አምስቱ መስኮቶች ተሰነጣጥቀዋል፣ ግን ሰማያዊው ላስቲክ ስብርባሪውን አጣብቆ ይዞት በየቦታቸው ናቸው፤ አንድም አልወደቀም። ስድስተኛዋ፣ የኔዋ፣ የለችም። ሙሉዋ ወደ ውስጥ ገብታለች።

እማማ ፍራሻቸው ላይ ነበሩ። እጃቸው ቀኝ ዓይናቸው ላይ። «አይዞህ፣ አብሽር» አሉኝ፣ እኔን። የደሴ መንገድ ዝግ ነበር። ጎረቤት ያለች ነርስ የቻለችውን ስብርባሪ ከዓይናቸው ነቀለች፣ የቀረውን አሰረችው። እኔ ወለሉን ተንበርክኬ ስብርባሪ ለቀምኩ። ጣቴን ቆርጦኝ ኖሯል፣ ያወቅሁት ማግሥቱን ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ደነገጥኩ፣ አለቀስኩ እላለሁ። ውሸት ነው። ምንም አልተሰማኝም። ስብርባሪውን በመጠን በመጠኑ እየለየሁ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፣ እንደ ሥራ።

ዓይኑ አልተረፈም። የሞራው ዓይን ጥላ ነገር ብቻ ያሳያቸዋል።

መንገዱ ሲከፈት የማኅበሩ ሰዎች ተመለሱ፤ «ዜና ጻፍ እንጂ፣ ምነው ጠፋህ?» አሉኝ። ጻፍኩ። ላስቲክ የተለጠፈበት መስታወት ቢሰበርም እንደማይበተን በከተማችን ታይቷል፣ ስለዚህ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች መስኮታቸው ላይ ላስቲክ ያስለጥፉ ብዬ ተሟገትኩ። «ታይቷል» ነው ያልኩት። ማን እንዳየ፣ ምን እንዳየ አልጻፍኩም። ጥሩ ጽሑፍ ነው ተባለ። ወረዳው ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ የሰጠን በዚህ ነው። ደስታም ኀፍረትም ልፈልግ ውስጤን ዳበስኩ፣ ባዶ ነው።

ልጅቷ መጣች። ስልክ ከተመለሰ በኋላ እማማ «ደህና ነኝ» ብቻ ሲሏት ነበርና የሰማችው ከበሩ ላይ ነው። በማግሥቱ መስኮቶቹን ልታስቀይር አስጠራችኝ። ሜትሬን ይዤ ገባሁ። ጥቁር ዐባያ ለብሳ ሳሎኑ መሃል ቆማለች፤ አምስቱን ሰማያዊ መስኮቶች ታያለች፣ ከዚያ በሸራ የተወጠረውን ባዶ ቦታ ታያለች። እማማ ፍራሻቸው ላይ ናቸው፣ ፊታቸው ወደ ድምፄ ዞሯል።

«እነዚህ ሁሉ ላስቲካቸው ይዟቸዋል» አለች። «ይቺ ለምን ለብቻዋ ወደቀች?»

አፌን ከፈትኩ። እላለሁ ብዬ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው ነው ያደርኩት፤ እኔ ነኝ፣ አፉ በይኝ የሚለውን። እማማ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ ያስላጥኳት» አሉ። «ልጁ ተይ ብሎኝ ነበር። መምጫሽን ልይ ብዬ ነው። ቀደር ነው የኔ ዓለም፣ አላህ የጻፈው ነው።»

 ልጅቷ እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ «እኔን ለማየት ብለሽ ነው? አንድ ዓመት ልጨምር ባልል ኖሮ… እኔ ነኝ ዓይንሽን ያጠፋሁት» እያለች ታለቅስ ጀመር። እማማ ፀጉሯን እየዳበሱ «አይደለም፣ አይደለም» ይላሉ። ለኔ ብለው የዋሹት ውሸት የት ሄዶ እንዳረፈ ያኔ የገባቸው ይመስለኛል። መልሰው ሊያነሱት አልቻሉም። ማንሳት የምችለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል ነው። ልጅቷ እስከ ዛሬ ወደ ሪያድ አልተመለሰችም፤ እናቷን እጃቸውን ይዛ መስጊድ ታደርሳለች፣ ትመልሳለች፣ በሱቄ በራፍ ባለፈች ቁጥርም አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ትለኛለች፤ ተይ ብሎ እናቷን የመከረው ሰው ነኛ።

ያን ቀን ግን ሸራውን ገልጬ ሜትሬን ዘረጋሁ። የመስኮቷን ልክ በቃሌ አውቀው ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው የማዞርበት ሌላ ሥራ ስላጣሁ፣ እንደገና ለካኋት።