የጠፋ እሳት ጥላሸት

ቤተሰቡ «ለምን» እያለ ነው የሚጠራት። ስም አጥተውላት አይደለም፤ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ሳትጠይቅ ያለፈችው ነገር ስለሌለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጂኦፊዚክስ መረጠች ሲባል አባቷ «ደግ ነው፤ እኛን ጠይቃ ጨረሰች፣ አሁን ደግሞ ተራው የመሬት ነው» አሉ። ነርሷ እናቷ በበኩላቸው፣ ጎረቤት «ልጅሽ ምን ተማረች?» ባለ ቁጥር ማብራራቱ ሲሰለቻቸው «የመሬት ሐኪም ናት፤ ሳትቀድ ውስጡን ታያለች» ብለው መገላገል ጀመሩ። መምህራኗም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አላስረዷትም።

ተመርቃ የወጣች ሰሞን ነዳጅ ፈላጊ ድርጅት ቀጠራት። ሥራው መሬቱን በከባድ መሣሪያ እየመቱ ድምፁ ከጥልቁ ተመልሶ ሲመጣ ማዳመጥ ነበር። ወደደችው። አመል ግን ከሰው አይለቅምና፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ቆይ፣ የሚነድ ነገር ፍለጋ ይህን ያህል ከምንለፋ፣ ከታች ያለውን ሙቀት ራሱን ብናወጣውስ?» አለች። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እሷ የምሯን ነበር። ዓመት ሳይሞላት፣ ደመወዟ ቀንሶ፣ ከመሬት ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ደፋ ቀና ወደሚል ትንሽ ቢሮ ተዛወረች። አባቷ «የሰው ልጅ ወደ ላይ ያድጋል፣ የእኔዋ ወደ ታች» ብለው ቀለዱባት፤ ሻንጣዋን ተሸክመው እስከ አውቶቡሱ የሸኟትም እሳቸው ናቸው።

ቢሮው ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ኃላፊዋ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸው ከካርታ የማይነቀል ሴትዮ። በሌላው እሷና ሁሉም «ጋሽ ሽቦ» የሚሏቸው ቴክኒሻን፣ በጥቅል ሽቦና ጭቃ በጠጣ ቦት ጫማ መሃል። የመስክ ሥራ ያስተማሯት ጋሽ ሽቦ ናቸው። የብረት ዘንግ መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ሽቦ ይዘረጋሉ፣ ኤሌክትሪክ ይልካሉ፤ ከዚያ የትኛው አለት እንደሚያሳልፈው ይለካሉ። ሙቀት ለረጅም ዘመን የቀቀለው አለት ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል፣ ሸክላ ደግሞ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች ሸክላ ባዩ ቁጥር «ከሥሩ ሙቀት አለ» ብለው ልባቸው ይዘላል። የእሷም ዘለለ። ከአንድ ሸለቆ ሥር ሰፊ ሸክላ አግኝታ ካርታው ላይ በቀይ ቀባችው። ኃላፊዋ «እዚህ እንቆፍራለን» አሉና ትልቁን መቆፈሪያ አዘዙ።

መቆፈሪያው ከመምጣቱ በፊት፣ ረስተውት የመጡትን ሽቦ ልታነሳ ብቻዋን ወደ ሸለቆው ወረደች። እግረ መንገዷን አንድ ምንጭ አገኘችና እጇን ነከረች። ቀዝቃዛ ነው። በዙሪያው ያለው ድንጋይ ግን የፈላ ውሃ በሚተወው ነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። ይህ ምንጭ ድሮ ይፈላ ነበር ማለት ነው። መቼ ቀዘቀዘ? ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ድንገት ብድግ አለች። ድስት ጥላሸት ለበሰ ማለት ምድጃው ዛሬም ይነድዳል ማለት አይደለም። ሸክላም እንደዚያው ነው፤ ሙቀቱ ከሄደ በኋላ እሱ እዚያው ይቀራል። በቀይ የቀባችው ጥላሸቱን ቢሆንስ?

የቢሮው ገንዘብ ሁሉ የሚያልቀው በትልቁ ጉድጓድ ነው፤ ቀዝቃዛ ከወጣ ቢሮው ይዘጋል። ከተናገረች ደግሞ የሸለቆው ሥራ ይቆማል፣ ለሸለቆው ብቻ በኮንትራት የተቀጠሩት ጋሽ ሽቦም ቤታቸው ይገባሉ። ግራ ቢገባት ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ የተሳሳትኩ ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።»

«ቢላው ተነስቷል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ተናገሪ። ከተቀደደ በኋላ የሚናገር ወሬኛ ነው።»

በማግሥቱ ኃላፊዋ ዘንድ ገባች። ሴትየዋ ሰምተው ሲጨርሱ ቱግ አሉ።

«ካርታውን የሳልሽው አንቺው ነሽ እኮ!»

«አዎ። ለዚህ እኮ ነው የፈራሁት።»

ኃላፊዋ ካርታውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ካርታውን አዩ። በመጨረሻ ከትልቁ በፊት ቀጭን የሙከራ ጉድጓድ እንዲቆፈር ወሰኑ።

ቴርሞሜትሩ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ «እባክህ አምላኬ፣ እኔ ልፈር፣ ብቻ ይሙቅ» እያለች ለመነች። ከታች የመጣው ሙቀት ግን ለገላ መታጠቢያ እንኳ የማይበቃ ነበር። ትልቁ መቆፈሪያ ቀረ፣ ቢሮው ተረፈ፣ የጋሽ ሽቦ ኮንትራት አበቃ።

ጋሽ ሽቦ ቦት ጫማቸውን ሻንጣ ውስጥ ሲከቱ አጠገባቸው ቆማ እንባዋ መጣ።

«በእኔ ምክንያት ነው፣ ጋሼ።»

«ምንጩን ያቀዘቀዝሽው አንቺ ነሽ እንዴ? ተይ እንጂ!» ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በሩ ጋ ደረሱና ቆም አሉ። «ግን እንዲያው ልጄ፣ ያ ሁሉ ሙቀት ወዴት ገባ?»

«እኔም እሱን አላወቅኩም። ከኮረብታው ወዲያ ትልቅ ስንጥቅ አለ፤ ሙቁ ውሃ መንገዱን ቀይሮ በዚያ በኩል ሄዶ ይሆናል። እዚያ አልለካንም።»

«ሽቦው አልደረሰልንማ! ትዝ ይለኛል።»

ሻንጣቸውን መሬት አስቀምጠው ካርታው ላይ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ እያስኬዱ ይጠይቋታል፣ እሷም ትጠይቃቸዋለች። ውጭ ሊወስዳቸው የመጣው መኪና ጡሩምባውን ነፋ፣ ደገመ። ሁለቱም ቀና አላሉም።

ኃላፊዋ ጡሩምባው ቢረብሻቸው ከክፍላቸው ወጡ። በሩን ተደግፈው ጥቂት ካዩአቸው በኋላ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ስንት ሜትር ሽቦ ነው የጎደላችሁ?» አሉ።