ከምልክቱ በኋላ ያረፈችው ምት

ሰፈሩ «ነጎድጓድ» ይለው ነበር። በብረት ቀጥቃጮቹ ግቢ ትልቁን መዶሻ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ቡጢው አይቦዝንም። አባቱ በቀበቶ ነው ያሳደጉት፤ እሱም ከቀበቶ ሌላ ቋንቋ ሳይማር ወደ አርባ ተጠጋ።

የጋለውን ብረት በጉጠት የሚይዝለት በዕድሜ የሚበልጠው፣ ድምፁ ጎልቶ የማይሰማ አማኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ያዡ በትንሽ መዶሻ የሚመታውን ቦታ ነካ ያደርጋል፤ ነጎድጓድ እዚያው ላይ ያሳርፋል። ያዡ ብረቱ የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ሁለቴ ቋ፣ ቋ ካደረገ «በቃ» ማለት ነው። ያን ሰምቶ የማያቆም መቺ የሰው እጅ ይጨፈልቃል። የነጎድጓድ ክንድ ለማንም ባይታዘዝ ለዚያች ምልክት ይታዘዝ ነበር።

አንድ ጠዋት ያዡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ትናንት የወንበር ሠሪውን ጥርስ አራግፈሃል። ሄደህ ይቅርታ ብትጠይቀውስ?» አለው።

ወናፍ የሚነፋው ሰምቶ ኖሮ፣ «ነጎድጓድ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፤ ጃንጥላ ያዙ» አለ። ግቢው በሳቅ አውካካ።

ነጎድጓድን የለኮሰው ሳቁ ነው። ጉጠቱን ከያዡ ነጥቆ ግራ ትከሻው ላይ አሳረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሰውየው ወደቀ። ነጎድጓድ ደረቱ ላይ ተንበርክኮ ፊቱን ይወቅረው ጀመር። ከንፈሩ ተተረተረ፤ ደሙ ከከሰሉ ብናኝ ጋር ተቦካ። ያኔ ያዡ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ ያልጣላትን ትንሽ መዶሻ ከመስፉ ጎን ጋር አጋጫት። ቋ፣ ቋ።

ነጎድጓድ ሰማ። ክንዱ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ወዶና ፈቅዶ አንዴ ጨመረ። የያዡ መንጋጭላ የተሰበረው በዚያች ምት ነው።

ሕግ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ ሰውየው አልከሰሰም። የሰውየው ወንድሞች ለበቀል ይመጣሉ ብሎ ቢላ በጉያው ይዞ ዋለ፤ ማንም አልመጣም። ብረት የሚይዝለት ግን ጠፋ። «እጄ ለልጆቼ ያስፈልጋቸዋል» ይሉታል። አርባ ቀን ከሰል ሲሸከም ከረመ። አለቃው፣ «አንድ እጅ አያጨበጭብም። እስከ ቅዳሜ ያዥ ካላገኘህ ሌላ እንጀራ ፈልግ» አለው። ሌላ ሥራ አያውቅም። ጆሮው ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቋ፣ ቋ ይላል።

ዓርብ ዕለት ያዡ መጣ። መንጋጭላው ተጣሟል፤ ግራ ትከሻው ወርዷል። ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ በጉጠቱ የጋለ ብረት አወጣና መስፉ ላይ አጋደመ።

«በል እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

ነጎድጓድ መዶሻውን ሲያነሳ ሰውየው ፊቱን ወደ ጎን ሲያሸሽ አየ። አማኝ አይፈራም ይመስለው ነበር። ይኼ ግን እየፈራ ነው እጁን ከመዶሻው ሥር ያስገባው።

መታ። ደግሞ መታ። ቋ፣ ቋ። ክንዱ አየር ላይ ደረቀ፤ መዶሻውን ወደ ኋላው ጣለው።

«ጋሼ» አለ፤ በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። «ያን ቀን ሰምቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። ክንድህ ሲቆም አይቻለሁ።»

«እያወቅህ ነው የመጣኸው?»

«ሌላውን በሳምንቱ ይቅር ብዬሃለሁ። በዚያች በአንዷ ግን አርባ ቀን ከጌታ ጋር ተሟገትኩ። እኔ እምቢ፣ እሱ እምቢ።» በተጣመመ መንጋጭላው ፈገግ አለ። «በለጠኝ።»

ነጎድጓድ ከሰሉ ላይ ተቀመጠ። «እኔንም እሱ ዘንድ ውሰደኝ» አለ።

«መንገዱ በወንበር ሠሪው በር ነው የሚያልፈው።»

አብረው ሄዱ። ወንበር ሠሪው በሩን ከፍቶ ሲያየው በወንበር እግር ግንባሩን ተረተረው። ነጎድጓድ እጁን አላነሳም። ደሙን በእጅጌው ጠርጎ፣ «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ።

እሁድ ዕለት ግንባሩ በጨርቅ እንደታሰረ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከያዡ ጎን ተቀመጠ። መዝሙሩን አያውቀውም። እነዚያን እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው ግራ ገብቶት፣ ዘርግቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው።